ማን፣ ምን፣ በየትኛው ላይ፦ የፈቃድ ፍተሻ ከሐረር ሲታይ

ሐረር ለሶፍትዌር ሠሪ አስቸጋሪ ከተማ ናት። የሐረሪ ክልል ዋና ከተማ ሆና ሳለ፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን አስተዳደርም ለረጅም ዘመን ቢሮዎቹን ይዞ የኖረው እዚሁ ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚገኘው በከተማዋ ውስጥ ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ሲሆን ዋና ግቢው ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ ነው። ጁገል ሆስፒታል ደግሞ ተጠሪነቱ ለክልሉ ጤና ቢሮ ነው። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ሆስፒታሎች አለቃቸው ለየቅል ነው ማለት ነው። ታካሚውም ከክልሉ ወረዳዎች ብቻ አይመጣም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠሮችም፣ ከሶማሌ ክልልም ይመጣል። እንግዲህ አንድ ፕሮግራመር «ተጠቃሚው የሐረር ጤና ባለሙያ ከሆነ መዝገቡን አሳየው» የሚል አንድ መስመር ኮድ ሲጽፍ ምን እንደፈቀደ በትክክል አያውቅም። የሐረር ማለት ሐረር ተቀምጦ የሚሠራ ነው? ሐረር ባለ ተቋም የተቀጠረ ነው? ወይስ ለክልሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነ? በሦስቱ ትርጉሞች የሚገባውና የሚቀረው ሰው ይለያያል፤ ኮዱ ግን የትኛውን እንደመረጠ አይናገርም።

በድረ ገጽ የሚሠሩ ሲስተሞች የተጠቃሚን ፈቃድ እንዴት ይፈትሻሉ? ለምንስ አንዱ ገጽ የከለከለውን ሌላው ገጽ ይፈቅዳል? የተለመደው መልስ ግድየለሽነት ነው፤ ፕሮግራመሩ ረሳ፣ ቀነ ገደብ አጣደፈው፣ የሚገመግመው ሰው አልነበረም ይባላል። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥንቁቅ ሰዎች የሠሯቸው ሲስተሞችም እዚሁ ላይ ይሰናከላሉና መልሱ ጎዶሎ ነው። በእኔ እምነት ወጥነት የሚጠፋው፣ ሚና የተባለው ነገር ሊመልስ የማይችለውን ጥያቄ እንዲመልስ ስለሚገደድ ነው። ሚና «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሥራ ይሠራል» ለሚለው ጥሩ መልስ አለው። «ይህን ሥራ በየትኛው መዝገብ ላይ ይሠራል» ለሚለው ግን መልስ የለውም። የጎደለውን ግማሽ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በየገጹ፣ በየራሱ ግምት ይሞላዋል። አሥር ገጽ ካለ አሥር ግምት አለ። ስለዚህ መፍትሔው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ቦታ ላይ አንድ ላይ መጠየቅና የትኛውም መንገድ ከዚያ ጥያቄ ሳይደርስ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

ሚና ይህን ያህል የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት ዋና መንገዶች አንድም ከወታደሩ ቤት የመጣው የምስጢር ደረጃ፣ አንድም የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ሰው ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን፣ የንግድ ድርጅትና የሲቪል መስሪያ ቤት እንደ ጦር ሠራዊት እንደማያስብ ጻፉ፤ በእነዚህ ቦታዎች ሰው ፈቃድ የሚያገኘው በያዘው ሥራ ነው። በ1996 ራቪ ሳንዱና ባልደረቦቹ ሐሳቡን አስፍተው የሚናዎችን የበላይና የበታች አደረጃጀት ጨመሩበት፤ አብረው በአንድ ሰው እጅ መግባት የሌለባቸውን ሚናዎች የሚለይ ገደብም አከሉ። በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በእኛ አገር ሰሚ ለማግኘት ሐሳቡ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመንግሥት መስሪያ ቤት ሁሉ ከድሮም በሥራ መደብ የተደራጀ ነው፤ ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ መደቡ ይቀመጣል። አዲስ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ሲቀጠር አርባ ፈቃድ እያነሱ ከመመዝገብ «ካርድ ክፍል» የሚል አንድ ሚና መስጠት ይቀላል። ሲለቅም አንድ ነገር ብቻ ይነሳበታል።

ችግሩ የሚጀምረው መደቡ የሚለው ሥራውን ብቻ መሆኑ ሲረሳ ነው። የድረ ገጽ ሲስተም የሚገነባባቸው የታወቁት ፍሬምወርኮች ይህን ክፍተት ራሳቸው ያሳያሉ። ጃንጎ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት መጨመር፣ መለወጥ፣ መሰረዝና ማየት የሚሉ አራት ፈቃዶችን በራሱ ይፈጥራል፤ በቡድን አድርጎ ማደልም ያስችላል። ነገር ግን «የታካሚ መዝገብ መለወጥ ይችላል» የሚለው ፈቃድ የሁሉንም ታካሚ መዝገብ ማለት ነው። ይህችን የአቶ እገሌን መዝገብ መለወጥ ይችላል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ቦታው ተዘጋጅቷል፤ ከፍሬምወርኩ ጋር የሚመጣው መደበኛ ፈታሽ ግን ለተለየ መዝገብ ሲጠየቅ መልሱ ባዶ ነው፤ የራስህን ጻፍ እንደማለት። ላራቬል ሁለት ነገር ለይቶ ያቀርባል፤ አንዱን በር ማለት በሆነው «ጌት» በሚለው ቃል ይጠራዋል፣ ሁለተኛውን «ፖሊሲ» ይለዋል። ፖሊሲው መዝገቡን ራሱን በእጁ ተቀብሎ ስለሚፈርድ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ግን ሚና የሚያድል ተጨማሪ ፓኬጅ ይጭንና በየመንገዱ ላይ የሚናውን ስም ጽፎ ያልፋል፤ ፖሊሲው ሳይጻፍ ይቀራል። ከዚያ «ነርስ ከሆነ» የሚል ቃል በስልሳ ፋይል ተበትኖ ይገኛል። ቢሮው «አዋላጅ ነርስ» የሚል አዲስ መደብ በፈጠረ ቀን ከስልሳው ሃምሳ አምስቱ ይታረማሉ።

የቀሩት አምስቱ የሚያስከትሉት ነገር በዓለም ታይቷል። ፈርስት አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ የንብረት ዋስትና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 885 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰነዶችን ለማንም ክፍት አድርጎ ተገኝቷል። ሰርጎ ገብ አላስፈለገም፤ ሊንኩ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ የሌላ ሰው ሰነድ ያመጣ ነበር። የድረ ገጽ ደኅንነት ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኦዋስፕ በየጥቂት ዓመቱ በሚያወጣው የአደገኛ ስህተቶች ዝርዝር ውስጥ የተሰበረ የፈቃድ ፍተሻ በ2017 አምስተኛ ነበር፤ በ2021 አንደኛ ሆነ። በመካከሉ የይለፍ ቃል ስርቆትና የዳታቤዝ ማጭበርበር አልጠፉም። ፍሬምወርኮች ግን እነዚያን በራሳቸው መከላከል ተምረዋል። ማን የማንን መዝገብ ይይ የሚለውን ሊማሩት አይችሉም፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በመስሪያ ቤቱ አሠራር እንጂ በኮዱ ውስጥ አይደለም።

ጥያቄውን በደህና መንገድ የያዘ ሲስተም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለጤና መረጃ ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን በብዙ አገሮች የጤና ሚኒስቴሮች ዘንድ አለ። በሐረር የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወርሃዊ ሪፖርቱን የሚልከው በዚህ ነው። እዚህ ሲስተም ውስጥ ሚና የሚዘረዝረው ምን መሥራት እንደሚቻል ብቻ ነው፤ መረጃ ማስገባት፣ ማጽደቅ፣ ሪፖርት ማውጣት፣ ተጠቃሚ መፍጠር። የት የሚለው ከሚናው ውጪ፣ በተጠቃሚው ስም ላይ ይመዘገባል። ተቋማቱ ከሚኒስቴሩ ጀምሮ እስከ ጤና ኬላ ድረስ በዛፍ መልክ ተደርድረዋል፤ ተጠቃሚው በዛፉ ላይ አንድ ቦታ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ቦታ በታች ያለውም አብሮ ይሰጠዋል። ማስገባት የሚችልበት ቦታና ማየት የሚችልበት ቦታ ደግሞ ለየብቻ ይመደባሉ። ስለዚህ በሶፊ ወረዳ ያለው ባለሙያና በሸንኮር ያለው ባለሙያ አንድ ዓይነት ሚና ይዘው አንዱ የሌላውን ሳይነካ ይሠራሉ። «የሶፊ መረጃ ባለሙያ»፣ «የሸንኮር መረጃ ባለሙያ» እያሉ ለዘጠኙም ወረዳዎች ሚና ማባዛት አይኖርም። ሚናን በቦታ ማባዛት የፈቃድ አሠራር መበላሸቱን የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ አንድን ሲስተም ለመገምገም የሚፈልግ ሰው ኮዱን ከማንበቡ በፊት የሚናዎቹን ዝርዝር ቢያነብ ብዙ ያያል።

ዛፍ ግን የራሱ ጠባብነት አለው፤ ሐረር ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። አብዛኛው ክልል በዞን፣ በወረዳ፣ በተቋም ሲደረደር፣ ሐረሪ ዞን የለውም፤ ስድስት የከተማና ሦስት የገጠር ወረዳዎቹ ከክልሉ ቀጥሎ ይመጣሉ። «የወረዳው አለቃ ዞን ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ እዚህ ሲደርስ ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ባዶውን እንደ መፍቀድ ከቆጠረው ደግሞ ጉዱ ፈላ። ሕይወት ፋናን የት እናስቀምጠው? በዛፍ ላይ አንድ ቅርንጫፍ አንድ ግንድ ብቻ ነው ያለው። በክልሉ ሥር ካስቀመጥነው የክልሉ ባለሙያ የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል መረጃ ሁሉ ያያል፤ ከክልሉ ካወጣነው የከተማዋ የጤና ምስል ትልቁን ክፍል ያጣል። ከምሥራቅ ሐረርጌ ጤና ጣቢያ ተልኮ የመጣ ታካሚን የላከው ሐኪም ውጤቱን ማየት አለበት ወይ የሚለውም ዛፉ የማይመልሰው ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙ ከዛፉ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ነውና። የአስተዳደሩ ሕግ ራሱ መብትን ሁልጊዜ በመኖሪያ አይለካም። የክልሉ ምክር ቤት ከሁለት ጉባኤዎች የተዋቀረ ነው፤ 14 አባላት ያሉትን የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲመርጡ ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይሳተፋሉ፣ 22 አባላት ያሉት ሌላኛው ጉባኤ ግን የክልሉ ነዋሪዎች ጉዳይ ነው። ብሔርን የሲስተም ፈቃድ መለኪያ እናድርግ እያልኩ አይደለም፤ ያ ሌላና አደገኛ ጉዳይ ነው። ለማለት የፈለግሁት፣ እዚህ ከተማ «የት» የሚለው ጥያቄ ሲፈተሽ ቢያንስ የሚገኙበት ቦታ፣ የባለቤትነትና የተጠሪነት ጥያቄዎች ተደርበው ይገኛሉ፤ አንድ መስክ ብቻ የያዘ ዳታቤዝ ሦስቱን ሊለይ አይችልም።

ታዲያ ሚናን ጥለን ግንኙነትን ብቻ ብንፈትሽስ? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ዛንዚባር ብሎ የጠራውን ሲስተሙን በጥናታዊ ጽሑፍ ካስተዋወቀ ወዲህ ይህን መንገድ የሚሰብኩ ብዙ ናቸው። በዛንዚባር ሐሳብ ፈቃድ ማለት «እገሌ ለዚህ ሰነድ አርታዒ ነው»፣ «ይህ ሰነድ በዚያ ፎልደር ውስጥ ነው» የሚሉ ትንንሽ የዝምድና መግለጫዎች ድምር ነው። ለሰነድ መጋራት ግሩም ነው፤ የላኪ ሐኪምን ጥያቄም ይመልሳል። ለአንድ የክልል ቢሮ ግን በአብዛኛው ከመጠን በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የቢሮው ኃላፊ «ማን ምን ያያል?» ብሎ ሲጠይቅ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ መልስ ማግኘት አለበት፤ በሚሊዮን መግለጫዎች መረብ ውስጥ ያለ መልስ ለኮምፒውተሩ ግልጽ ቢሆንም ለኃላፊው ድፍን ነው። ሚናን ለሥራው፣ የተቋማት ዛፍን ለተጠሪነት፣ ጥቂት ተለይተው የተጻፉ ግንኙነቶችን ደግሞ ዛፉ ለማይደርስባቸው ጉዳዮች ማዋል ይበቃል። «ላኪ ተቋም» አንዱ ግንኙነት ነው። «ያዘጋጀው ሰው» ሌላው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እስካሁን ያነሳሁት ምን ይጠየቅ የሚለውን ነው። የት ይጠየቅ የሚለው ደግሞ የባሰ ያከራክራል። የብዙ ፍሬምወርክ ልማድ ፍተሻውን ጥያቄው ወደ ሲስተሙ ሲገባ በሚያልፍበት ሚድልዌር ላይ ማቆም ነው። ይህ የግንብ ከተማ አስተሳሰብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ጁገል የተባለውን የሐረርን ግንብ ሲያሠራ አምስት በሮች ነበሩት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ኋላ ደግሞ ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ሌላ በር ተጨመረ። የአሚሮቹ ሐረር ግን በበር ጠባቂ ብቻ አልተማመነችም። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 የመጣው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን በከተማዋ በር ላይ ተቀምጦ ከአሚር አሕመድ ዘንድ ፈቃድ እስኪመጣ ጠብቋል፤ ከገባ በኋላም ቤተ መንግሥቱ ጋ ሲደርስ መሣሪያ አስረክብ ተብሎ እንደገና ተከራክሯል። የከተማው በር አሳለፈው ማለት አሚሩ ፊት እንዳሻው ይቅረብ ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሶልዘርና ማይክል ሽሮደር ለኮምፒውተር ጥበቃ ካስቀመጧቸው መርሆዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ወደ እያንዳንዱ ነገር የሚደረግ እያንዳንዱ መድረስ ይፈተሽ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በኔክስት ጄኤስ ላይ የተገኘው ቀዳዳ መርሁ ሲረሳ የሚሆነውን አሳይቷል። ፍሬምወርኩ ሚድልዌሩ ራሱን እየደጋገመ እንዳይጠራ ብሎ ለውስጥ አገልግሎት የሚጠቀምበት አንድ ምልክት ነበረው። ያን ምልክት ከውጭ ያለ ሰው በጥያቄው ላይ ጨምሮ ሲልክ ሚድልዌሩ ይዘለል ነበር። ፍተሻቸውን ሚድልዌሩ ላይ ብቻ ያቆሙ ሲስተሞች ያለ ጠባቂ ቀሩ። መዝገቡ ከመነበቡ በፊትም የሚጠይቁት ግን አንድ አጥር ቢያጡም ሁለተኛው ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ በቀጥታ ይነሳል። ፍተሻ በአንድ ቦታ ይሁን ብለህ አሁን ደግሞ በየቦታው ይፈተሽ ትላለህ፤ ይህ እርስ በርሱ አይጋጭም ወይ? ተቃውሞው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የነካኝ፤ ነገሩ የሚፈታው ግን ፍርድንና አስፈጻሚነትን በመለየት ነው። ፍርዱ የሚጻፈው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ነው፤ «ይህ ተጠቃሚ፣ ይህን ተግባር፣ በዚህ መዝገብ ላይ» የሚሉ ሦስት ነገሮችን ተቀብሎ አዎ ወይም አይ የሚል። አስፈጻሚው ግን ብዙ ነው፤ ገጹ፣ ኤፒአዩ፣ ወደ ኤክሴል የሚያወርደው፣ ሌሊት ሪፖርት አጠናቅሮ በኢሜይል የሚልከው ሥራ። ሁሉም ያንኑ ፍርድ ይጠይቃሉ፣ አንዳቸውም የራሳቸውን አይፈጥሩም። ወጥነት የሚጠፋው ብዙ ቦታ ስለተፈተሸ ሳይሆን ብዙ ቦታ ስለተፈረደ ነው።

ከአስፈጻሚዎቹ መካከል ሁልጊዜ የሚረሳው ዝርዝር የሚያወጣው ነው። አንድ መዝገብ ሲከፈት መፈተሽን ሰው ያስታውሳል፤ መቶ መዝገብ በአንድ ሰንጠረዥ ሲወጣ፣ ወይም የመፈለጊያው ሳጥን ስም ሲጠቁም፣ ወይም የድምሩ ቁጥር ሲታይ ይረሳል። ከተከለከለ ፋይል ላይ ስምና የምርመራ ዓይነት በዝርዝሩ ከታዩ፣ ፋይሉ አልተከፈተም ማለት ምን ትርጉም አለው? ስለዚህ ፍርዱ ሁለት መልክ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ መዝገብ አዎና አይ የሚል፣ ለብዙ መዝገብ ደግሞ ገና ከዳታቤዙ ሲጠራ የሚያጣራ። ሬይልስ በተባለው ፍሬምወርክ ዓለም የታወቀው ፐንዲት የሚባል መሣሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስጽፋል፤ ሳይጠየቅ የቀረ ገጽ ካለም ስህተት ብሎ የሚያቆም መቆጣጠሪያ አለው። አዝራር መደበቅ ግን ከፍተሻ አይቆጠርም። አዝራሩ ለሰው ምቾት ይደበቅ፤ ጥያቄውን በቀጥታ ለሰርቨሩ ለሚልክ ሰው የአዝራሩ መኖር አለመኖር ምንም አይደለም። ድምርም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ እንደ ሐረሪ ባለ ትንሽ ክልል፣ በአንድ የገጠር ወረዳ ውስጥ በወሩ የተመዘገበው ሕመምተኛ አንድ ሰው ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ስም ነው።

ከዚህ የሚከተለው ያልተጠቀሰ ሁሉ የተከለከለ መሆኑ ነው። ይህም የ1975ቱ መርህ ነው፤ ፍሬምወርኮች ግን ወደ እሱ የመጡት በዝግታ ነው። ጃንጎ እንኳ ገጾች ሁሉ ሎግኢን ይጠይቁ፣ ለሁሉም ክፍት የሆኑት ተለይተው ይጠቀሱ የሚል ሚድልዌር በራሱ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 5.1 ነው። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ምንም ፖሊሲ ላልተጻፈለት መንገድ የሚያገለግል ተጠባባቂ ፖሊሲ ማስቀመጥ ያስችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ስህተቱ ወደየት እንደሚያጋድል ይወስናል። ያልተጠቀሰው ሁሉ በሚፈቀድበት ሲስተም መርሳት መረጃ ያፈስሳል፣ ማንም አያውቅም። ያልተጠቀሰው ሁሉ በሚከለከልበት ሲስተም መርሳት ሥራ ያቆማል፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስልክ ይደውላል፣ በማግሥቱ ይታረማል። የሚጮህ ስህተት ዝም ከሚል ስህተት ይሻላል።

«እኛ ሦስት ሰዎች ነን፤ ይህ ሁሉ ለትልቅ ኩባንያ ነው» የሚለው ተቃውሞ በአዲስ አበባም በሐረርም ይሰማል። ሥራው ግን ከሚመስለው ያንሳል። አንድ ፋይል ፖሊሲ፣ አንድ ማጣሪያ፣ በሚናና በተግባር የተደረደረ አንድ ሰንጠረዥ ናቸው። ሰንጠረዡ ደግሞ ለሙከራ ይውላል፤ ለእያንዳንዱ ሚና በራሱ ተቋም መዝገብና በሌላ ተቋም መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ተግባር ምን መልስ እንደሚሰጥ ኮምፒውተሩ በየለውጡ ይሞክራል። ሁለተኛው ዓምድ፣ የሌላ ተቋም መዝገብ የሚለው፣ በአብዛኞቹ ሙከራዎች ውስጥ አይገኝም፤ ሁሉም የሚፈትሸው የተፈቀደለት ሰው መግባቱን ነው እንጂ ያልተፈቀደለት መቅረቱን አይደለም። ሦስት ሰዎች ብቻ ያሉበት ቡድን ከትልቁ ይልቅ ይህ ያስፈልገዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢሄድ የሲስተሙን ሕግ በጭንቅላቱ ይዞት እንዳይሄድ። የፍጥነት ስጋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፤ ማጣሪያው በዳታቤዙ ውስጥ ከሠራና ተጠሪ ተቋሙ ኢንዴክስ ካለው፣ ገጽ የሚዘገይበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ከፕሮግራመር አይመጣም፤ ከቢሮ ይመጣል። ኃላፊው ለስብሰባ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለምክትሉ ይሰጣል፤ ፖሊሲው የቱንም ያህል ቢራቀቅ እገሌ ነው ያጸደቀው ብሎ የሚመዘግበው ያልነበረን ሰው ነው። ሰዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱን በአብዛኛው ሲስተሙ ላይ አደርገዋለሁ። በወረቀቱ ዘመን ውክልና ነበረ፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከቀን እስከ ቀን ይባላል፣ ማኅተም ይመታል። ሲስተሙ ሲሠራ ውክልናው ተረሳ፤ ሰው ያንን ክፍተት በይለፍ ቃል ሞላው። መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው፣ የወካዩንም የተወካዩንም ስም የሚይዝ ውክልና በፖሊሲው ውስጥ ቢገባ የይለፍ ቃል ማበደር ሳያስፈልግ ሥራው ይሄዳል። ድንገተኛ ሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ራሱን ስቶ ሕይወት ፋና የገባ ሰው መዝገብ ጁገል ሆስፒታል ቢሆን ሐኪሙ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም። ምክንያቱን ጽፎ መግባት የሚያስችል መንገድ፣ ከዚያም በማግሥቱ የሚታይ ዝርዝር ያስፈልጋል። ልዩ ሁኔታን የማያስተናግድ ሕግ ጥብቅ አይደለም፤ በጎን የሚታለፍ ነው።

ውክልና ከገባ ወዲያ «ያዘጋጀው ሰው» የሚለው ግንኙነት ለምን እንደሚያስፈልግ ይታያል። በክፍያ ሰነድ ግርጌ አዘጋጅ፣ አረጋጋጭ፣ አጽዳቂ የሚሉ ሦስት መስመሮች ያሉት አንድ ሰው ሦስቱንም እንዳይፈርም ነው። ሚናን ብቻ የሚፈትሽ ሲስተም የአዘጋጅም የአጽዳቂም ሚና ያለውን ሰው ያሳልፋል፤ ምክትሉ አለቃውን ወክሎ ሳለ ራሱ ያዘጋጀውን ሰነድ ሲያጸድቅ ሁለቱም ሚናዎች ሕጋዊ ናቸውና። ሳንዱና ባልደረቦቹ ያከሉት፣ ሁለቱን ሚና ለአንድ ሰው አትስጥ የሚለው ገደብ፣ አምስት ሠራተኛ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት አይሠራም፤ ሰው አይበቃም። የሚሠራው ፍተሻ ሰነዱ ላይ ነው፦ ያዘጋጀው ሰው በውክልናም ቢሆን አያጸድቀውም። ይህን ለመጠየቅ ፖሊሲው ከሚናው ሌላ ሰነዱን ማየት፣ ሰነዱ ደግሞ ያዘጋጀውን ሰው መያዝ አለበት።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ የጥሩ ልምድ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን አስቀምጧል፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አንድ ቢሮ ይህን መዝገብ ማን፣ መቼ፣ በምን ፈቃድ አየው ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚያገኘው ፍርዱ በአንድ ቦታ ከተሰጠ ብቻ ነው፤ በስልሳ ፋይል የተበተነ «ነርስ ከሆነ» የሚል ኮድ የፍርድ መዝገብ አይተውም። በተግባር የመጀመሪያው ፈተና ምናልባት ዝውውር ይሆናል። ከጁገል ሆስፒታል ወደ ሕይወት ፋና የተዛወረች ነርስ ሚናዋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቋሟ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የዝውውር ደብዳቤ በጻፈበት ቀን በሲስተሙ ላይ የተቋሟ መስክ ካልተለወጠ፣ ነርሷ በአዲሱ ሥራዋ ታካሚዎቿን ማየት አትችልም፣ የቀድሞዎቹን ግን ታያለች። የፈቃዱ ሠንሰለት የሚጀምረው ከፕሮግራመሩ ሳይሆን ከሰው ኃይል ክፍሉ ጠረጴዛ ነው፤ ስለዚህ ሲስተሙን የሚያሠራ ቢሮ በውሉ ላይ መጀመሪያ ሊያስጽፈው የሚገባው፣ የዝውውር ደብዳቤው ግልባጭ ለማን እንደሚደርስና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸም ነው።